የሮይስ ፍልጥ

ወይዘሮ ኖሊን ትሪፊት በሰባ አንድ ዓመት ዕድሜያቸው ከሰው ደጃፍ ሄደው ያልጠየቁት ነገር ቢኖር ፍልጥ ነው። ስኳር ተበድረዋል፣ መሰላል ተውሰዋል፣ አንድ ጊዜማ የጎረቤት ትራክተር ሳያስፈቅዱ ነድተዋል። ፍልጥ ግን በፍጹም። ቦዝዌል መንደር፣ በምድር ደቡብ ጫፍ ያለችው የታዝማንያ ደጋ ብርድ አጥንት ሰርስሮ በሚገባበት በዚያ አገር፣ ሰኔ ላይ ፍልጥ የሚለምን ሰው በጋውን ምን ሲሠራ እንደከረመ አይጠየቅም፤ ይታወቃል።

ታኅሣሥ ላይ ከጓሮ ደረጃ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሆባርት ከተማ ወስደው ዳሌውን ቀየሩላቸውና፣ ሦስት ወር ሙሉ ልጃቸው ብሮንዊን ቤት ተኝተው ከረሙ። ብሮንዊን አንድ ልጃቸው ናት። ነርስ ናት፣ እቤቷም እንደ ነርስ ታዛለች።

«እማዬ፣ ከእንግዲህ እዚያ በረዶ ቤት ውስጥ ብቻሽን አልተውሽም» አለቻቸው አንድ ቀን። «ከግቢያችን ጀርባ ያለችው ክፍል ተዘጋጅታለች። ቁልፍ ስትጫኚ የምትሞቅ ቤት ናት።»

«ቁልፍ ተጭነው የሚያሞቁኝ እኔ ዳቦ ነኝ?» አሉ ወይዘሮ ኖሊን።

ሳምንት ሙሉ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ብሮንዊን የአባቷ ልጅ ነችና ነገሩን በውርርድ ጨረሰችው። «ሰኔ አሥራ አራት፣ ቀኑ በጣም አጭር በሚሆንበት ዕለት፣ ለምሳ እንመጣለን። ቤቱ በራስሽ ፍልጥ፣ ሰው ሳያቀብልሽ፣ ሃያ ዲግሪ ሞቆ ካገኘሁት ስለዚች ክፍል ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። ካልሞቀ ግን ዕቃሽን ጭነን እንሄዳለን። ማኩረፍ የለም።»

«እጅሽን አምጪ» አሉ እናት፤ ተጨባበጡ።

ወይዘሮ ኖሊን ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ነበር የጨበጧት። የባሕር ዛፍ ፍልጥ ሁለት በጋ ይፈልጋል፤ በሁለተኛው መጨረሻ እንደ ክብሪት ይይዛል። ለዘንድሮ ክረምት የሚሆነውን በገዛ እጃቸው ካለፈው በፊት በነበረው ጥቅምት ፈልጠው፣ ከቤቱ በስተሰሜን ባለው ተዳፋት ላይ፣ ነፋስና ፀሐይ እንዲያገኘው ዘርዘር አድርገው ደርድረውት ነበር። አንዱን በጋ ጠግቧል። ሁለተኛውን እሳቸው ሆባርት ላይ ተጋድመው ሳለ እየጠገበ ነው። እንዲህ ሆኖ ውርርድ የሚገባ ሰው እርግጠኛ ባይሆን ነው የሚገርመው።

ያላወቁት ነገር የናይጀልን ደግነት ነው። ናይጀል የብሮንዊን ባል ነው። እንግሊዝ አገር ኖርፎክ ተወልዶ ያደገ፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የሚውል፣ ክፋት የሚባል ያልፈጠረበት ሰው። አማቱ ተኝተው ሳለ ቅዳሜ ቅዳሜ ቦዝዌል እየወጣ ቤቱን ያይላቸው ነበር። ማታ ሲመለስ መዳፉ በፕላስተር ተለጣጥፎ፣ ፊቱ ላይ አንድ የደበቀው ነገር እንዳለ ያሳብቅበታል። ሲጠየቅ «ሲገቡ ያዩታል እማማ» ብቻ ይላል።

መጋቢት ላይ ገቡና አዩት። ናይጀል ክንዳቸውን ደግፎ ቤቱን በደቡብ በኩል አዞራቸው። ፍልጡ በሙሉ፣ አንድ ሳይቀር፣ ከተዳፋቱ ተነስቶ ደቡብ ግድግዳ ሥር ባዶ መሬት ላይ ተከምሯል። ገመድ ተወጥሮ የተሠራ ይመስል ቀጥ ብሏል። በላዩ ሰማያዊ ሸራ እስከ መሬት ድረስ ወርዶ ጠርዙ በድንጋይ ተጭኗል።

«ሜዳ ላይ ዝናብና ነፋስ ሲመታው አየሁና አሳዘነኝ» አለ ናይጀል። «እዚህ ደግሞ ደቡብ ስለሆነ ፀሐይ ያገኛል። ጠዋት ስመጣ አይቼዋለሁ፣ ግድግዳው ላይ ታርፋለች።»

ምን ይባላል እንግዲህ? በናይጀል አገር ፀሐይ የምትሄደው በደቡብ በኩል ነው፤ ሰዉ መስኮቱንም አበባውንም ወደ ደቡብ ያዞራል። ታዝማንያ ላይ መንገዷ በሰሜን ነው። ደቡቡን ግድግዳ በበጋ ጠዋት ለሰላምታ ያህል ዳሰስ አድርጋው ታልፋለች፤ ከመጋቢት እስከ መስከረም ጭራሽ አታውቀውም። ወይዘሮ ኖሊን እዚያ ጥግ ቢራ ነው የሚያቀዘቅዙበት። ሰውየው ሰባት ዓመት በዚህ አገር ሲኖር አንድ ቀን ቀና ብሎ አላያትም ማለት ነው።

የሸራውን ጫፍ ገለጥ አደረጉ። የእንጉዳይ ሽታ ፊታቸውን መታው፤ የሸራው ውስጥ ጤዛ አዝሏል። ሁለት ፍልጥ አንስተው አጋጩ። ደረቅ ፍልጥ ሲጋጭ እንደ ብርጭቆ ይጮኻል። ይሄኛው ትራስ ትራስን የመታ ይመስል ድም አለ። አንዱን በጋ የጠገበውም ተመልሶ እርጥበት ጠጥቷል።

ቤታቸው፣ መጥረቢያቸው፣ ሃምሳ ዓመት የኖሩበት መስኮት በዓይናቸው ውል አለባቸው። ዘወር ሲሉ ግን ናይጀል የተላላጠ መዳፉን አጣምሮ እንደ ተማሪ ቆሟል።

«እንዲህ ቀጥ ያለ ክምር ከባሌ ከሮይስ በቀር ሲሠራ አላየሁም» አሉት። «እጅህ ይባረክ።»

ውሸት አልነበረም፤ ቀጥ ብሏል። የቀረውን ሆድ ይፍጀው ብለው ዋጡት። አንደኛ፣ እንዲህ በደስታ የሠራን ሰው ማዋረድ አልሆነላቸውም። ሁለተኛ፣ ብሮንዊን ብትሰማ «እንግዲያው አለቀ እማዬ» ብላ ያኑ ዕለት ሻንጣ ታወጣ ነበር። ወይዘሮ ኖሊን ደግሞ ከመጫወታቸው በፊት መሸነፍ አይወዱም።

በማግሥቱ ጎረቤታቸው አቶ ክላሪ መጡ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ምላሳቸው ግን ገና ወጣት ነው። ክምሩን ዞረው አይተው እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ኖሊን፣ አማችሽ እንጨቱን ያኖረው ነው ወይስ የቀበረው?»

«አማቼን ተው። ሰው ለኔ ብሎ ነው እጁን የላጠው።»

«ለአንቺማ ብሎ ነው። ሆባርት እንድትገቢለት።»

«አፍህን ልዘጋልህ ወይስ ሻይ ላፍላልህ?»

«ሻዩን» አሉ አቶ ክላሪ ተቀምጠው። ከዚያ ቀልዱን ተዉት። «ስሚኝ፣ እኔ ጋ የሁለት ክረምት ፍልጥ አለ። ነገ አንድ ተጎታች ሙሉ አራግፍልሻለሁ። ማን ያያል?»

«እኔ አያለሁ። በራሴ ፍልጥ፣ ሰው ሳያቀብለኝ ብዬ ጨብጫለሁ።»

«ኩራትሽን አንድጂዋ እንግዲህ። እሱ እንኳን ደርቋል።»

«ኩራቴ ላንተ ሻይ ማፍያ ነው» አሉ ወይዘሮ ኖሊን፤ «ለቤቱ ሌላ አላጣም።»

አቶ ክላሪ ሻያቸውን ጠጥተው አንገታቸውን እየነቀነቁ ሄዱ።

ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው፣ ፊት ለፊቱ ቅርጫት ያለው ባለ አራት ጎማ መደገፊያ ሰጥቶ «በቀን አርባ ጊዜ ይመላለሱ፣ ዳሌው እንዲፈታ» ብሏቸው ነበር። ባዶ ቅርጫት ይዘው ይመላለሱ ግን አላለም። ወይዘሮ ኖሊን አቶ ክላሪ በሄዱ ማግሥት ከደቡቡ ግድግዳ ሦስት ፍልጥ ቅርጫቱ ውስጥ ጣል አድርገው፣ ቤቱን ዞረው፣ ሰሜኑ በረንዳ ላይ አራገፉ። አንድ አሉ። በቀን አርባ ምልልስ፣ በምልልስ ሦስት ፍልጥ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ይሄኛው እንቁላል በአራት ጎማ ነው የሄደው።

ማታ ማታ ብሮንዊን ትደውላለች።

«እማዬ፣ ዛሬስ ተራመድሽ?»

«አርባውንም።»

«ጎበዝ። እንዳትደብሪ ብዬ ነው።»

«ኧረ ምንም አልደበረኝ» ይላሉ እናት፣ ከጣታቸው ስንጥር እያወጡ።

ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ወፍራም ወፍራሙን በትንሿ መጥረቢያ ሁለት ሦስት ያደርጉታል፤ ቀጭን ፍልጥ ቶሎ ይደርቃልና። ከዚያ አንዱን ረድፍ በቁመት፣ ሌላውን በአግድም እያነባበሩ፣ ቅርፊቱን ወደ ላይ፣ የተቆረጠ አፉን ወደ ነፋስ አድርገው ይደረድራሉ። በክምሩ መሃል ዓይጥ ቢያልፍ ድመት ማለፍ የለባትም፤ ሮይስ የሚሉት ይህን ነበር። በሚያዝያ መጨረሻ ደቡቡ ግድግዳ ሥር የቀረው ሣሩ ላይ ያረፈ የክምሩ ቅርጽ ብቻ ሆነ። ዳሌውም ተፈታ። መደገፊያውን ለጋሪነት እንጂ ለመደገፍ መያዝ አቆሙ።

ግንቦት ግን ጨከነባቸው። ጉሙ ከማዶው ሐይቅ በኩል ወርዶ ሳምንት ሳምንት እየተኛ ፀሐይ ጠፋች። ፍልጡን ሲያጋጩት ድም ማለቱን ትቷል፣ መጮኽ ግን አልጀመረም፤ አፉ ውስጥ ምግብ እንደያዘ ሰው ነው የሚናገረው። አንድ ጠዋት ሞከሩት። ምድጃው ውስጥ ሲንጫጫ ቆየ፣ በጫፍ በጫፉ አረፋ ደፈቀ። በአንድ ሰዓት ውስጥ የብረት ምድጃው በር መስተዋት በጥቀርሻ ጠቆረ። ቤቱ አሥራ አራት ዲግሪ ላይ ቆመ፣ ከዚያ ወዲያ ወይ ፍንክች። የጠቆረ መስተዋት ደግሞ ብሮንዊን ከበር ላይ ሆና ታየዋለች። ሰኔ አሥራ አራት ሊደርስ ሃያ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

መድኃኒቱን ያውቁታል። እንዲህ በግማሹ የደረቀ ፍልጥ ከሚነድ ምድጃ አጠገብ አንድ ቀን ከነሌሊቱ ቢደረደር የቀረችውን እርጥበት ይተፋል፤ የዛሬው እሳት የነገውን ፍልጥ ያደርቃል። ግን የዛሬው እሳት ከየት ይመጣል? እሱንም ያውቁት ነበር። ላለማሰብ ሁለት ቀን የቤቱን መስኮት ሁሉ ወለወሉ።

የእንጨት ማከማቻቸው ሦስት ክፍል አለው። አንዱ የዘንድሮው፣ አንዱ የከርሞ፣ አንዱ ከከርሞ ወዲያ ያለው ክረምት። የመጀመሪያው ባዶ ነው፣ የሁለተኛው ገና እርጥብ ነው። ሦስተኛውን በመጨረሻ የሞሉት ባላቸው አቶ ሮይስ ናቸው። ሞልተው ሲጨርሱ እንደ ልማዳቸው በሰማያዊ የእንጨት ምልክት ማድረጊያ እርሳስ፣ አናት ላይ ባለው ፍልጥ ግንባር ላይ ፍልጡ የሚነድበትን ዓመት በአገራቸው አቆጣጠር ጻፉ፤ 2021። ከዚያ በኋላ በስድስተኛው ወር ሞቱ። 2021 መጣ፣ ወይዘሮ ኖሊን ሌላ አነደዱ። የሚቀጥለውም ዓመት፣ ከዚያ የሚቀጥለውም። ሌላዋ ሴት ባሏ ሲሞት ፎቶ ትሰቅላለች፤ እሳቸው ክምሩን አልነካም አሉ። በዓመት ሁለቴ በመጥረጊያ አቧራውን ይጠርጉለት ነበር። የፍልጥ አቧራ! ሰው ቢያይ ምን ይል ነበር? አቶ ክላሪ አይተዋል፣ ለዚያች ነገር ብቻ አንድም ቀን አልቀለዱባቸውም።

ሦስተኛው ቀን ላይ ቅርጫቱን እየገፉ ሄደው ክምሩ ፊት ቆሙ። ሮይስ እያንዳንዱን ፍልጥ ሲያስቀምጡ አንዴ በመዳፋቸው ቸብ ቸብ የማድረግ ልማድ ነበራቸው፣ ከብት እንደሚያባብል ሰው። እንባቸው መጣ፣ አልከለከሉትም፣ ወረደ። ከዚያ ሁለት አንስተው አጋጩ። እንደ ደወል ጮኸ።

«እንዲህ እየጮኸ ነው እንዴ አራት ዓመት ዝም ያሰኘሁት» አሉ ጮክ ብለው፤ ቅርጫቱን መሙላት ጀመሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀንም ሌሊትም የሮይስ ፍልጥ ምድጃ ውስጥ እየገባ የኖሊንን ዙሪያውን ያደርቃል። በማግሥቱ የደረቀው ይጨመራል፣ ሌላ እርጥብ ይደረደራል። በደረቅ ጦስ እርጥብ ይነዳል የሚባለው ለክፉ ነገር ነው፤ በዚያ ቤት ግን ለበጎ ሆነ። መስተዋቱ ጠራ። ጭሱ ሳስቶ ከጭስ ማውጫው በላይ አየሩ ብቻ ይርገበገባል። አቶ ክላሪ ይህን ከደጃቸው ሆነው አይተው አጥሩ ድረስ መጡ።

«ነካሽው?»

«ነካሁት።»

«እንዴት ነው?»

«እንደ ራሱ ነው። ቶሎ ይነሳል፣ ብዙ ይቆያል።»

አቶ ክላሪ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። ከዚያ «መልካም» ብለው ተመለሱ።

ሰኔ አሥራ አራት ቀኑ ጥርት ብሎ ነጋ። ውርጩ ሜዳው ላይ ተነጥፏል። ብሮንዊንና ናይጀል ልክ እኩለ ቀን ላይ ደረሱ። ብሮንዊን ካፖርቷን ሳታወልቅ ከቦርሳዋ ቴርሞሜትር አውጥታ፣ እንደ ዳኛ፣ ጠረጴዛው መሃል ከበጉ ጥብስና ከዱባው አጠገብ አስቀመጠችው።

«ሩብ ሰዓት እንጠብቃለን» አለች።

«ጠብቂ። ድንቹ ግን አይጠብቅም፣ ብሉ» አሉ እናት።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ካፖርቷን አወለቀች። ናይጀል ሹራቡን አወለቀ፤ ትንሽ ቆይቶ ጫማውን። ቴርሞሜትሩ ሃያን አልፎ፣ ሃያ ሁለትን አልፎ፣ ሃያ ሦስት ላይ ተቀመጠ። ብሮንዊን እያየችው ጥብሷን ታኝካለች።

ናይጀል ግን ፊቱ በራ። «የኔ ክምር ነው አይደል? ቆይ እኔ ልጨምርበት» ብሎ፣ ወይዘሮ ኖሊን «ተወው፣ እዚህ አለ» ሳይሉት ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

ደቡቡን ግድግዳ ዞረ። ክምር የለም። ሣሩ ላይ ረጅም ገላጣ ቅርጽ አለ፣ በዚያ ላይ እኩለ ቀን ሆኖም ውርጩ እንደ ጠዋቱ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ግድግዳው በአረንጓዴ ሽበት ተሸፍኗል። ግራ ገብቶት ቤቱን በሌላው በኩል ዞሮ ሰሜን ሲወጣ ፀሐይ ዓይኑን ወጋችው። በረንዳው ደርቆ ይሞቃል፣ በግማሹ የጎደለ ቀጭን ቀጭን ፍልጥ ተነባብሯል፣ አጠገቡ ቅርጫቱ በቅርፊት ፍርፋሪ የተሞላ የሆስፒታል መደገፊያ ቆሟል። ናይጀል ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ፀሐይዋ የት እንዳለች አየ።

ሲመለስ ጆሮው ቀልቷል። በሩ ላይ ቆመ።

«እማማ፣ ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ናት ለካ የምትሄደው።»

«እዚህ አገር ልማዷ ነው» አሉ ወይዘሮ ኖሊን።

«በዚያች መደገፊያ ነው ሁሉንም ያጋዙት?»

«ሐኪም ያዘዘኝ ነው፣ ምን ላድርግ።»

«የምን ፀሐይ ነው?» አለች ብሮንዊን። «ምንድን ነው የምታወሩት?»

ናይጀል ራሱ ነገራት፤ ምንም አልሸሸገ። ብሮንዊን ስትሰማ መጀመሪያ ባሏን አየችው፣ ከዚያ እናቷን፣ ከዚያ ምድጃውን። የቦዝዌል ልጅ ናት፤ ሒሳቡን ለመሥራት ጊዜ አልፈጀባትም።

«አንድ በጋ ያመለጠው ባሕር ዛፍ በሁለት ወር አይደርቅም» አለች። «በምንድን ነው ቤቱን ያሞቅሽው?»

የወይዘሮ ኖሊን ዓይን ወደ ጓሮው ሄደ። ብሮንዊን ተነስታ በጓሮው መስኮት አየች። የእንጨት ማከማቻው ሦስተኛ ክፍል ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነው፤ ወለሉ ተጠርጓል።

«የአባዬ» አለች። «እማዬ፣ ለኔ ውርርድ ብለሽ የአባዬን አነደድሽው?»

«ለውርርድሽ አይደለም። ብርድ ስለነበር ነው።»

ከምድጃው በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ አንድ ፍልጥ አወረዱ። ግንባሩ ላይ 2021 ይላል፣ ሰማያዊው ትንሽ ደብዝዟል። የቀረው እሱ ብቻ ነበር። ለናይጀል አቀበሉት።

«እሳቱ እየወረደ ነው። ክተተው።»

ናይጀል ፍልጡን ይዞ ሚስቱን አየ። ብሮንዊን እጁን ያዘችው።

«አይሆንም። ይሄ የአባዬ እጅ ጽሑፍ ነው። ይሄን እንኳን እናስቀምጥ።»

«ስሚኝ የኔ ልጅ» አሉ ወይዘሮ ኖሊን። «አባትሽ ይህን የጻፈው እንድናስቀምጠው አይደለም፤ መቼ እንደምናነደው እንድናውቅ ነው። ከቀጠሮው ሦስት ዓመት አሳልፌበታለሁ። እሱ ቢኖር ይቆጣኝ ነበር።»

ብሮንዊን ቁጥሩን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ የባሏን እጅ ለቃ፣ ጎንበስ ብላ የምድጃውን በር ራሷ ከፈተችለት። ፍልጡ ወዲያው ተያያዘ፤ ሰማያዊው ቀለም መጀመሪያ ሄደ። ሦስቱም እስኪጋመስ ድረስ ተመለከቱት። ብሮንዊን አፍንጫዋን ጠርጋ ቴርሞሜትሩን ሳታነብ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው።

ወይዘሮ ኖሊን ከመሳቢያ ያቺን ሰማያዊ የሮይስ ምልክት ማድረጊያ እርሳስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ሦስተኛው ክፍል ባዶ ነው» አሉ። «ጥቅምት ላይ ሁለታችሁም መጥታችሁ ትፈልጣላችሁ። ናይጀል ይደረድራል፣ እጁ ቀጥ ያለ ነው፤ ቦታውን እኔ አሳየዋለሁ። ስትጨርሱ አንቺ 2026 ብለሽ ትጽፊበታለሽ።»

«2026 ማን ሊያነደው?» አለች ብሮንዊን፣ እንባዋም ሳቋም አንድ ላይ እየመጣ።

«እኔ ነኛ» አሉ እናቷ። «ማን ሊሆን ኖሯል? በይ አሁን ዱባውን አቀብይኝ፤ ሳይቀዘቅዝ።»